ቁልፉ ማን ዘንድ ይሆናል?

ጥምቀት አልፎ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ከተመለሱ ከሳምንት በኋላ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለች፣ ስሟን ሳልጠቅስ ልተዋት በመረጥሁ አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ የአንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ሦስት የቦርድ አባላት ጋራ፣ ግድግዳዋ በጭቃ ወደ ተመረገ አንዲት የኪራይ ክፍል ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ክፍሏ አንድ አልጋና አንድ የከሰል ምድጃ ከያዘች በኋላ ለቆመ ሰው የሚተርፋት ስፍራ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ እኛ አራት እንግዶች በገባን ጊዜ ነዋሪዎቿ አልጋው ላይ መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ ነዋሪዎቿም ከሦስት የተለያዩ የገጠር ቀበሌዎች መጥተው ዘጠነኛ ክፍል የሚማሩ ሦስት ልጃገረዶች ናቸው። በግድግዳው ምስማር ላይ በሶ የቋጠረች ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥላለች፤ ከአልጋው ሥር እሑድ ማታ ከየቤታቸው ተሸክመውት የመጡት ድርቆሽ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ተቀምጧል፤ ደብተሮቻቸው በብስኩት ካርቶን ውስጥ በሥርዓት ተደርድረው፣ ከላያቸው አንድ የእጅ ባትሪ ተጋድሟል።

ከቦርዱ አባላት አንዷ፣ ዘመናቸውን በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡና ሰው ሁሉ ሲስተር እያለ የሚጠራቸው እናት፣ ግድግዳውንም ምድጃውንም ትተው በሩን ይመለከቱ ነበር። በሩ በውጭ በኩል ጓጉንቸር ይገባበታል፤ በውስጥ በኩል ግን መቀርቀሪያ የለውም።

«ልጆቼ፣ ሌሊት በምን ትዘጉታላችሁ?» አሉ።

ከሦስቱ ታላቅ የምትመስለው ልጅ በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተች። በዚያ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። «ውኃ ሞልተን እናስደግፈዋለን።»

«ውኃ በጠፋ ቀንስ?»

ልጅቱ ጓደኞቿን አየት አደረገችና፣ «ተራ እንገባለን፤ ሁለታችን ስንተኛ አንዳችን ቁጭ ብላ ታድራለች» አለች።

በሲስተር ቦርሳ ውስጥ የነበረው ሰነድ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ የዚያች ከተማ ተወላጆች ገንዘብ ማሰባሰብ የጀመሩለት፣ ለ60 ልጃገረዶች የሚበቃ ባለ ፎቅ ማደሪያ ቤት ለመሥራት የቀረበ መነሻ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ከንጹሕ ልብ የመነጨ ለመሆኑ የሚጠራጠር አልነበረም፤ ካመነጩት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው በልጅነታቸው እንደዚህች ባለች ክፍል በሶ እየበጠበጡ የተማሩ፣ ዛሬ በሰው አገር ሲደላቸው ያችን ክፍል ያልረሱ ናቸውና። ሦስቱ የቦርድ አባላትም የተላኩት ሐሳቡ መልካም ነው ወይስ ክፉ ብለው ለመፍረድ አልነበረም። የተሰጣቸው ጥያቄ ጠባብ ነው፤ ይኸውም ሐሳቡ ለቀረጻ፣ ማለትም ሥራውን በዝርዝር ለመንደፍ፣ ደርሷል ወይስ ገና ነው የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ከሩቅ ለሚያየው የቢሮ ወግ ይመስላል። እኔ ግን በሦስቱ ቀን ጉዟችን ካየሁትና ከሰማሁት በኋላ፣ የአንድ የበጎ አድራጎት ሥራ ዕጣ ፈንታ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ በዚህች ባልተከበረች ሰዓት እንደሚወሰን አምናለሁ። ምክንያቱም ሐሳብ ገና ሐሳብ ሳለ፣ ማንም ቢጠይቀው፣ ቢያገላብጠው፣ ቢተወውም እንኳ የሚጎዳ የለም፤ ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ግን መሐንዲስ ይቀጠራል፤ ለማዘጋጃ ቤቱ የመሬት ጥያቄ ይገባል፤ ለለጋሾች ሥዕሉ ይላካል፤ ለወላጆች ቃል ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ «በእርግጥ ይህ ነውን የሚያስፈልገው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ አስተዋይ ሳይሆን እንደ እንቅፋት ይቆጠራል። እንግዲህ ጥያቄው በነጻ የሚጠየቅበት ጊዜ አጭር ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን በዚያው በአጭሩ ጊዜ የምንቸኩል መሆናችን የሚያሳዝን ነገር ነው።

ለችኮላው የራሱ ምክንያት አለው። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ ከድኻው እጅ ሲደርስ ማየት ይወዳል እንጂ፣ ለጥያቄና ለመንገድ ሲወጣ ማየት አይወድም። ሕጉም ቢሆን ከዚህ ስሜት የራቀ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ገድቦ ነበር፤ በዚያም ዘመን የጉዞና የሥልጠና ወጪ ሳይቀር ከአስተዳደር ወጪ እየተደመረባቸው ብዙ ማኅበራት ያማርሩ እንደ ነበር በሙያው ያሉ ሁሉ ያስታውሱታል። እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 በብዙ ረገድ ነጻነትን የሰጠ ሲሆን፣ የአስተዳደር ወጪን ግን ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። የሁለቱም ሕጎች መነሻ፣ ለድኻ የተባለው ገንዘብ ለድኻ ይድረስ የሚል ስለ ሆነ፣ እኔ በመነሻው ላይ ክርክር የለኝም። ሆኖም አንድ ትንሽ ማኅበር፣ አንድ ወር ሙሉ ሰዎቹን ልኮ ከመጠየቅና ከማድመጥ በቀር ሌላ ያልሠራበትን ወጪ በምን መዝገብ እንደሚጽፈው ሲጨነቅ፣ ከመጠየቅ ይልቅ ሲሚንቶ መግዛት የሚቀልለው መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል።

ይህን በምናገርበት ጊዜ ዘወትር ወደ ኅሊናዬ የሚመጣው በደቡብ አፍሪቃ የተፈለሰፈው ፕሌይፓምፕ የተባለ የውኃ መሣሪያ ነው። ልጆች እየገፉ የሚሽከረከሩበት ክብ የመጫወቻ መዘውር ከጉድጓድ ጋራ ተያይዞ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ውኃው ከምድር ተስቦ ወደ ታንከር ይወጣል፤ ታንከሩም በጎኑ ማስታወቂያ ይለጠፍበትና ከማስታወቂያው ኪራይ የጥገናው ወጪ ይሸፈናል። ከዚህ የበለጠ ልብን የሚማርክ ሐሳብ ከወዴት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ2000 ከዓለም ባንክ ሽልማት አገኘ፤ በ2006 የአሜሪካ መንግሥትና ሌሎች ለጋሾች በኅብረት 16.4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጡት በታላቅ ጉባኤ ላይ ታወጀ፤ እስከ 2010 ድረስም 4,000 ያህል መሣሪያዎች በአፍሪቃ መንደሮች ይተከሉ ዘንድ ታቀደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ መንደሮቹ የሄዱ ሰዎች ያዩት ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት በዋሉ ሰዓት፣ ወይም ጨዋታው በሰለቻቸው ጊዜ፣ ያን ከባድ መዘውር እየገፉ የሚያዞሩት እናቶችና አሮጊቶች ነበሩ፤ በብዙ ስፍራም አዲሱ ይተከል ዘንድ ቀድሞ ይሠራ የነበረው የእጅ ፓምፕ ተነቅሎ ነበር። በ2009 ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ ስሌት፣ መሣሪያው ያጠጣቸዋል የተባሉትን ሰዎች ሁሉ ለማጠጣት ልጆች በየቀኑ 27 ሰዓት መጫወት እንደሚኖርባቸው አሳየ። የተቀጠረው ዘመን ሲደርስ ሥራው ቆሞ፣ የቀሩት መሣሪያዎች ለሌላ ድርጅት ተላለፉ።

በዚህ ታሪክ እጅግ የሚከነክነኝ የጠፋው ገንዘብ አይደለም። በምን ሰዓት ውኃ ትቀጂያለሽ? ልጆቹ በሌሉ ጊዜስ ማን ይቀዳል? የቀድሞው ፓምፕ ምን በድሎሽ ነበር? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጉድጓዱ አፍ እንስራዋን ይዛ የቆመች አንዲት ሴት በአንድ ማለዳ ትመልሳቸው ነበር። ዕውቀቱ በአገሩ ሞልቶ ሳለ፣ ጠያቂ ሳይመጣ ቀርቶ ባከነ።

ወደ ወረዳ ከተማችን ልመለስ። በማግስቱ ጧት ሲስተር ርእሰ መምህሩን አስፈቅደው፣ ከሰዓት በኋላ ከየገጠሩ መጥተው በኪራይ የሚኖሩትን ልጃገረዶች በትምህርት ቤቱ ግቢ ከግራሩ ጥላ ሥር ሰበሰቧቸው፤ መምህራኑንም በትሕትና ለምነው ወደ ቢሮ መለሷቸው። ከዚያም የዋሽንግተኑን ሐሳብ በአማርኛ ቀስ ብለው አስረዱ፤ ፎቁን፣ አልጋውን፣ መብራቱን፣ ዘበኛውን ሁሉ ነገሯቸው። ልጆቹ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። የገጠር ልጅ ለትልቅ ሰው ስጦታ «አልፈልግም» ብላ የምትመልስበት ቋንቋ ስለሌላት፣ የመጀመሪያው ዝምታ እሺታ ተብሎ ሊጻፍ እንደማይገባ ሲስተር ያውቁ ኖሮ፣ እርሳቸውም ዝም ብለው ቆዩ።

በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አነሣች። «ቁልፉ ማን ዘንድ ይሆናል?» አለች።

«የምን ቁልፍ፣ ልጄ?»

«የትልቁ በር። ማታ ማታ።»

ያን ሰነድ እኔም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የመስኮቶቹ ልክ ሳይቀር ተጽፎበታል፤ ስለ ቁልፉ ግን አንዲት ቃል አልነበረበትም። ስድሳ ልጃገረዶችን በአንድ በታወቀ ስፍራ መሰብሰብ፣ ለእነርሱ በጎ የሚያስብ ሁሉ ወዴት እንደሚያገኛቸው እንዲያውቅ የሚያደርገውን ያህል፣ ክፉ የሚያስበውም እንዲያውቅ ያደርገዋል። የሌሊቱ ጠባቂ ማነው? ወንድ ነው ወይስ ሴት? ማን መረጠው? ቢበድልስ ልጅቱ አቤት የምትለው ለማን ነው? ማኅበሩ እስከዚያ ቀን የሠራው መልካም ሥራ መጻሕፍት ማደልና ቤተ መጻሕፍት ማደራጀት ነበረ እንጂ፣ የሰው ልጅ ተቀብሎ አንድ ሌሊት እንኳ አሳድሮ አያውቅም። እንግዲህ ዝግጁነት የሐሳቡ ብቻ ሳይሆን የባለ ሐሳቡም ጭምር መሆኑ በዚያች በቀጭኗ ልጅ ጥያቄ ተገለጠ።

ከዚያ በኋላ ልሳናቸው ተፈታ። አንዲቱ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤት መሄድ ይከለከል እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ቅዳሜ ሄዳ ለእናቷ እንጨት ካልለቀመችና እንጀራ ካልጋገረች አባቷ ትምህርቱን እንደማይፈቅድላት ነገረችን። ሌላይቱ ከጓደኞቿ ፈጽሞ በተለየ ድምፅ፣ «መብራት ካለው እኔ ዛሬውኑ እገባለሁ፤ በባትሪ ማንበብ ዓይኔን ጨረሰው» አለች። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐሳቡን ሁሉም አልጠሉትም፤ ሁሉም አልወደዱትምም፤ በአንዱ ወረቀት አንድ ተብሎ የተጻፈው «የገጠር ልጃገረዶች ችግር» በግራሩ ሥር ብዙ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ፣ ከቦርዱ አባላት አንዱ የነበሩት መሪጌታ በመንገድ ላይ የነገሩኝን ሳልጽፍ ማለፍ አይሆንልኝም። እርሳቸው በልጅነታቸው ከቤታቸው ወጥተው፣ ለምድ ለብሰውና አኮፋዳ አንግተው፣ በጎጃም ከየኔታ እግር ሥር ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። «ለቆሎ ተማሪ አገሩ ሁሉ ማደሪያው ነበር» አሉኝ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ከደጅ የቆመ ልጅ እንግዳ አይባልም፤ ባለቤቲቱ ቁራሽ ስትሰጠው ድኻን እንደ መጸወተች ሳይሆን ድርሻዋን እንደ ከፈለች ታስበዋለች፤ ውሻ ሲጮኽበት ጎረቤት ይወጣለታል፤ ሲታመም የኔታ አሉ፤ ጎጆውን ራሱ ከባልንጀሮቹ ጋራ ይሠራል።» እንግዲህ ቤተ ክህነት በብዙ ምዕት ዓመታት ውስጥ ለእንግዳ ተማሪ ያደራጀችው የምግብ፣ የማደሪያ፣ የጥበቃና የክብር ሥርዓት ለወንዱ ልጅ ነበረ፤ ለሴቲቱ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1931 እንደ ተከፈተው እንደ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ያሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለጥቂቶች ካደረጉት በቀር፣ አገሩ ገና ያልሠራው ሥርዓት ነው። መሪጌታ ይህን ሲናገሩ ስለ ፎቁ አንዳች አላነሡም። እኔ ግን የጎደለው ጣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ «ይህች ልጅ የእኛ ናት» የሚል ሠፈር መሆኑን ከንግግራቸው ተረዳሁ፤ ሠፈር ደግሞ በጨረታ አይሠራም።

የሠፈሩ ነገር በእርግጥ ከተነሣ፣ የሦስቱን ልጆች አከራይ ማየት ይገባ ነበር። እርሷም በዚያው ግቢ ጠላ እየጠመቀች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መቀርቀሪያ በሌለው በር ምክንያት በልባችን ኰንነናት ስለ ነበረ፣ ማታ ማታ ጠጪዎች ከልጆቹ ክፍል ደጃፍ ስለሚያልፉበት ነገር ሲስተር ጠበቅ አድርገው ጠየቋት። ሴቲቱ አላፈረችም። «እውነት ነው፣ እትዬ» አለች፤ «ጠላውን ካልሸጥሁ እኔም ልጆቼም ምን እንበላለን? ግን ይህች ትንሿ ባለፈው በታመመች ጊዜ ጤና ጣቢያ ያደረስኋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ሳምንት ቆይታ ነው የሰማች። ፎቁ ሲሠራ እነርሱ ይሄዱልኛል። ለእኔ ያኔ ማን ሊያስብልኝ ነው?» በዋሽንግተኑ ሰነድ ውስጥ አከራዮች የተጠቀሱት በዝባዦች ተብለው በአንድ መሥመር ብቻ ነበር። ነገር ግን ያቺ ሴት በዚያች ከተማ ለእነዚያ ልጆች ካሉት ጥቂት ተጠሪዎች አንዷ ናት፤ አደጋውም ሆነ ጥበቃው በአንድ ግቢ፣ በአንዲት ሴት እጅ መገኘቱን ሳያውቅ የሚቀረጽ ሥራ አደጋውን ሳይነቅል ጥበቃውን ሊነቅል ይችላል።

ስለ ትምህርት ቤቱ መዝገብ በአጭሩ ልናገር። ሰነዱ ልጃገረዶች ትምህርት የሚያቋርጡት ማደሪያ በማጣት ነው ይላል፤ መዝገቡ ግን በስሞቻቸው አንጻር «አቋርጣለች» ከማለት ሌላ አንዳች ምክንያት አልያዘም።

በዚያች ሌሊት፣ በሆቴሉ አዳራሽ ብዙ የቆየ ክርክር ሆነ። ከቦርዱ ሦስተኛው አባል፣ በአሜሪካ ብዙ ዘመን ኖረው የተመለሱና የለጋሾቹ እንደራሴ የሆኑ ሰው፣ ፊታቸው ላይ ኀዘን እየታየ ተናገሩ። «የሰው ልብ ይቀዘቅዛል፣ ሲስተር። በዚህ ዓመት ገንዘቡ አለ፤ ‹ገና እናጠናለን› ብዬ ብጽፍላቸው በሚመጣው ዓመት አይገኝም። ደግሞስ ወይዘሮ አበበች ጎበና ያቺን ሕፃን ከወሎ መንገድ ያነሡት ጥናት አስጠንተው ነበረን?»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ወይዘሮ አበበች እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ፣ በረሀብ ከተጎዳው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናትን ወደ ቤታቸው ይዘው መግባታቸውን፣ በዓመቱም ውስጥ የሕፃናቱ ቍጥር 21 መድረሱን፣ ስለ እነርሱም ትዳራቸውን እስከ ማጣት መድረሳቸውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ቀን ቆመው «ለቀረጻ ደርሷልን?» ቢሉ ኖሮ ሕፃናቱ ይሞቱ ነበር።

ሲስተር መልስ ሳይሰጡ ብዙ ቆዩና፣ «ወይዘሮ አበበች ሕፃኗን አይተዋታል፤ አንሥተዋታል፤ ይዘዋት ሄደዋል» አሉ። «እኛ ስድሳ አልጋ ስንል፣ ስድሳውን ገና አላየናቸውም። ያየናቸው ሦስት ናቸው። ለሦስቱ ነገ ጧት የምናደርገውን ነገ ጧት እናድርግ፤ ለስድሳው ግን ቃል የምንገባው በእነርሱ ሕይወት ነውና እንጠይቅ።»

በምሕረትና በመርሐ ግብር መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ በተሻለ ሲነገር አልሰማሁም። ምሕረት ፊት ለፊቱ ለቆመው ሰው ስለሚደረግ መዘግየቱ ኀጢአት ነው፤ መርሐ ግብር ግን ገና ላልታየ ሰው፣ ገና ላልደረሰ ዓመት የሚሰጥ ቃል ኪዳን በመሆኑ መቸኮሉ በደል ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ስናደባልቅ፣ ለምሕረት የሚገባውን ፍጥነት ለፎቁ፣ ለፎቁ የሚገባውን ምርመራ ለመቀርቀሪያው እንሰጣለን። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራልያ ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የመጡት አዋላጆችን ለማስተማር ነበረ፤ በፌስቱላ የሚሠቃዩትን ሴቶች ባዩ ጊዜ ግን በፊታቸው የቆመችውን ሴት ማከሙን ዕለቱን ጀመሩ እንጂ ሆስፒታል እስኪሠራ አልጠበቁም። ለዚሁ ደዌ ብቻ የተለየው ሆስፒታል በአዲስ አበባ የቆመው ከ15 ዓመት ያህል በኋላ ነው፤ ከየገጠሩ የሚመለመሉ ልጃገረዶች አዋላጅነት ተምረው ወደየአገራቸው የሚመለሱበት ኮሌጅ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ሕንፃው ሲቀረጽ፣ የሚገቡበት ሴቶች እነማን እንደ ሆኑ፣ ከወዴት እንደሚመጡ፣ በምን እንደሚያፍሩ የሚያውቁ ሰዎች ቀረጹት።

ክርክሩ ያበቃው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲቃረብ ነው። ሲስተር በደብተራቸው ላይ «ገና አልደረሰም» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ሐሳቡ የሚደርሰው ምን ሲታወቅ እንደ ሆነ አከታትለው አሰፈሩ። ባለፈው ዓመት ከመዝገቡ የጠፉት ልጃገረዶች እያንዳንዳቸው በስማቸው ተፈልገው ወዴት እንደ ሄዱ ይጠየቅ፤ ይህንም መሪጌታ በየአጥቢያው ካህናት በኩል ይፈጽሙት። ማደሪያ ቢሠራ ለማብሰያ፣ ለውኃ፣ ለጠባቂና ለሞግዚት በየዓመቱ የሚወጣው ገንዘብ ተሰልቶ፣ ሕንፃውን የወደዱት ለጋሾች ደመወዙንም ለዐሥር ዓመት ይወዱት እንደ ሆነ እንደራሴው ይጻፉላቸው። ልጆችን በሌሊት የመጠበቅ ልምድ ያለው ሌላ ድርጅት ማኅበሩን ያስተምር ዘንድ፣ ወይም ሥራውን ራሱ ይረከብ ዘንድ፣ ሲስተር ይለምኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ምን ቢገኝ ይህን ሐሳብ እንደምንተወው ዛሬውኑ ይጻፍ አሉ፤ ይህን ያሉትም ከጥናቱ በኋላ ሰው ሁሉ ያገኘውን ሁሉ ለወደደው ነገር ማስረጃ እንደሚያደርገው ስለሚያውቁ ነው። ቀኑም ተቈረጠ፤ ሰኔ 30። ቀን የሌለው «ገና» የአንድን ሐሳብ ሬሳ በጨዋ ደንብ መቅበር ነውና፣ ይህ የቀን መቍረጥ ነገር እኔን ከሁሉ ይልቅ አስደሰተኝ።

በነጋታው ገና ጀምበር ስትወጣ ሲስተር ከአስፋልቱ ዳር ካለው የብረታ ብረት ሱቅ፣ ለሦስቱ ልጆች በር የሚሆን መቀርቀሪያ ከገንዘባቸው ገዝተው፣ አንድ አናጢ አስከትለው መጡ። አናጢው ሲመታ በሩን ደግፋ የያዘችለት ጠላ ሻጯ ናት።

ሰኔ ሲደርስ ወደዚያች ከተማ ሁለተኛ ጊዜ ሄድሁ። መሪጌታ የስሞቹን ዝርዝር ጨርሰው ነበር፤ በእያንዳንዱ ስም ፊት በቀይ ቀለም የተጻፈውን ለማንበብ ልብ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የሠርግ ወራት ተድረዋል፤ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ቢከለክልም። ሌሎቹ በደላላ እጅ አዲስ አበባ ገብተው ከዚያ ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። ጥቂቶቹ ወደ ሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ተዛውረው በደኅና ይማራሉ፤ መዝገቡ አላወቀም እንጂ አላቋረጡም። እጅግ ብዙዎቹ ግን ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖባቸው፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ወድቀው፣ ያን ውጤት ይዘው ወደ አባታቸው ፊት ለመቅረብ ፈርተው የቀሩ ናቸው። ማደሪያ በማጣት ብቻ የሄዱትን መሪጌታ በጣታቸው ቈጠሯቸው።

የዋሽንግተኑ መልስም መጥቶ ነበር። ገሚሱ ለጋሽ ሕንፃ በመቅረቱ ቅር ተሰኝቶ ገንዘቡን መልሶ ወስዷል፤ ይህን እውነት ማንም አልሸሸገውም፤ እንደራሴውም ሲናገሩት ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። የቀረው ገሚስ ግን ለሦስት ዓመት በየወሩ ሊከፍል ቃል ገብቶ፣ ምን እንዲሠራ ሠፈሩ ራሱ እንዲነግረው ጠይቋል። ቦርዱም ማደሪያውን «ገና» እንደ ሆነ ትቶ፣ ሁለት ነገሮች ለቀረጻ መድረሳቸውን ወሰነ፤ አንደኛው በትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍሎች መብራት አስገብቶ ማታ ማታ እንግሊዝኛና ሒሳብ ማስጠናት፣ ሁለተኛውም ልጆቹን ከሚያሳድሩ አከራዮች ጋራ ውል መግባት ነው።

የመጀመሪያው የቀረጻ ጉባኤ የተደረገው በዚያው በጠላ ሻጯ ግቢ ነው። ቄጤማ ተጎዝጕዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አምስት አከራዮች በአንድ ወገን፣ ስድስት ልጃገረዶች በሌላው ወገን ተቀመጡ፤ ያቺ በአገጯ ጀሪካኑን ያሳየችን ልጅ ወደ ዐሥረኛ ክፍል ተዛውራ ስለ ነበረ፣ ጽሕፈት የተሰጣት ለእርሷ ነው። ሲስተር መነጽራቸውን አጥልቀው፣ «እንግዲህ ጠላው ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋ?» ብለው ጀመሩ።

ባለቤቲቱ ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «በአንድ ሰዓት ብል የምከስረው ስንት እንደ ሆነ አስቀድመን እንቍጠረው» አለች። ልጅቱም ብዕሯን አነሣች።